ክዳኑን ዘግቶ መሥራት ወይስ ክፍት መተው? ላፕቶፕን ከሞኒተርና ከኪቦርድ ጋር ለምትጠቀሙ

ቀኑን ሙሉ ላፕቶፕ ላይ አቀርቅሮ ለሚውል ሰው ትልቅ ሞኒተርና የተለየ ኪቦርድ ትልቅ ዕረፍት ነው። አንገት ይቃናል፣ ትከሻ ይላላል፣ ዓይንም አይጨናነቅም። ጥያቄው የሚመጣው ዕቃው ተገዝቶ ጠረጴዛ ላይ ከተደረደረ በኋላ ነው። ላፕቶፑ ራሱ የት ይግባ? ክዳኑ ተዘግቶ ጥግ ይያዝ? ተከፍቶ ሁለተኛ ስክሪን ይሁን? ወይስ ለጠረጴዛው ሌላ ኮምፒውተር ይገዛ?

ብዙ ሰው ይህን የሚወስነው ጠረጴዛው ሲያምር በማየት ነው። የተዘጋ ላፕቶፕ ቦታ አይፈጅም፣ ሲያዩትም ደስ ይላል። እኔ ግን መጀመሪያ መጠየቅ ያለበት ሌላ ነው እላለሁ፦ ክዳኑ ሲዘጋ ከሥሩ ምን ምን ይቀራል? ካሜራው ይቀራል። ማይኩ ይታፈናል። የማብሪያ ቁልፉና የጣት አሻራው ይደበቃሉ። በአንዳንዱ ላፕቶፕ የአየር መሳቢያውም አብሮ ይሸፈናል። ለእነዚህ ምትክ ካላችሁ ወይም ጭራሽ የማያስፈልጓችሁ ከሆነ ዝጉት፣ ምንም አይደለም። ከሌላችሁ ግን ክፍት ይሁን።

አራቱ መንገዶች

የመጀመሪያው ክዳኑን ዘግቶ ላፕቶፑን እንደ ዴስክቶፕ ሳጥን መጠቀም ነው። ሁለተኛው ክፍት አድርጎ የራሱን ስክሪን በተጨማሪነት ማዋል ነው፤ ትልቁ ላይ እየጻፋችሁ ትንሹ ላይ ቴሌግራም ወይም ኢሜይል ትከፍታላችሁ። ሦስተኛውን ብዙ ሰው ልብ አይለውም፦ ክዳኑ ክፍት ሆኖ የላፕቶፑ ስክሪን ብቻ ይጠፋል። አራተኛው ላፕቶፑን ለውጭ ሥራ ትቶ ለጠረጴዛው ሚኒ ፒሲ፣ ማለትም ትንሽዬ ዴስክቶፕ ኮምፒውተር፣ መግዛት ነው።

ዊንዶውስ ለሚጠቀም ሰው የኔ ምርጫ ሦስተኛው ነው። የዊንዶውስን ቁልፍና የእንግሊዝኛውን P ፊደል አንድ ላይ ስትጫኑ አራት ምርጫዎች ይመጣሉ። የመጨረሻውን፣ «ሰከንድ ስክሪን ኦንሊ» የሚለውን ምረጡ። ሥራው ሁሉ ትልቁ ሞኒተር ላይ ይሆናል፤ ካሜራው፣ ማይኩ፣ የማብሪያ ቁልፉና የጣት አሻራው ግን እንደተለመደው ይሠራሉ። አየርም አይታፈንም። የምትከፍሉት የጠረጴዛ ቦታ ብቻ ነው። ላፕቶፑን ከፍ የሚያደርግ ስታንድ ካገኛችሁለት ደግሞ ካሜራው ከዓይናችሁ ጋር ይስተካከላል፤ በዙም ስብሰባ ላይ ከሥር ወደ ላይ የአፍንጫችሁን ቀዳዳ ማሳየት ይቀራል።

መዝጋት የሚያዋጣው ማንን ነው?

ጠባብ ጠረጴዛ ላይ የሚሠራ ሰው መጀመሪያ ይመጣል። በአንድ ክፍል ቤት ውስጥ ጠረጴዛው ለምግብም ለሥራም ሲያገለግል የተከፈተ ላፕቶፕ የሚይዘው ቦታ ቀላል አይደለም። ቀጥሎ ትኩረት የሚበትን ነገር የማይፈልግ ሰው አለ። ሁለተኛ ስክሪን ካለ የሆነ ነገር ይከፈትበታል፤ የተከፈተው ነገር ደግሞ ዓይን ይስባል። ረጅም ጽሑፍ ለሚጽፍ፣ ለሚተረጉም ወይም ለሚያርም ሰው አንድ ትልቅ ስክሪን ከሁለት ይሻላል ብዬ አምናለሁ።

ስክሪኑ የተሰበረ ወይም ማጠፊያው የተላቀቀ ላፕቶፕ ያለው ሰውም አለ። ይህ እኛ አገር ብዙ ነው። ስክሪን ማስቀየር ውድ ነው፤ ለቆየ ሞዴል ትክክለኛውን ማግኘትም ራሱን የቻለ ፍለጋ ነው። ማዘርቦርዱና ሃርድ ዲስኩ ጤነኛ ከሆኑ ግን ያ ላፕቶፕ ገና አላለቀለትም። ስላይትሊ ዩዝድ የቢሮ ሞኒተር፣ ተራ ኪቦርድና ማውስ ይበቁታል፤ ለተማሪ ወይም ለሱቅ ሒሳብ ጥሩ ኮምፒውተር ይሆናል። ማብሪያውን ተጫኑና ወዲያው ክዳኑን ዝጉት። ብዙ ላፕቶፖች ተዘግተው ሲነሡ ምስሉን ወደ ውጭው ሞኒተር ይልካሉ።

የማክቡክ ኤር ባለቤቶች ጉዳይ ለየት ይላል፤ እዚህ ክዳኑ የምርጫ ነገር ላይሆን ይችላል። ኤም 1 እና ኤም 2 ቺፕ ያላቸው ማክቡክ ኤሮች የሚችሉት አንድ የውጭ ሞኒተር ብቻ ነው። በ2024 የወጣው ኤም 3 ሁለት ሞኒተር ይችላል፤ ግን ክዳኑ ሲዘጋ ብቻ ነው። በ2025 የመጣው ኤም 4 ክፍት ሆኖም ሁለት ሞኒተር ያሠራል። ስለዚህ ሁለት ሞኒተር አስባችሁ ያገለገለ ማክቡክ ኤር የምትገዙ ከሆነ ቺፑ ስንተኛ እንደሆነ ሳታዩ ብር አትቁጠሩ።

እንዴት ይስተካከላል?

ማክቡክ ቻርጀር፣ የውጭ ኪቦርድ፣ ማውስና ሞኒተር ከተሰካለት ክዳኑ ተዘግቶ ይሠራል። ኡቡንቱም አብዛኛውን ጊዜ የውጭ ሞኒተር ካየ ክዳኑ ሲዘጋ አይተኛም።

ዊንዶውስ ግን ሊነገረው ይገባል። ኮንትሮል ፓናል ውስጥ ፓወር ኦፕሽንስ ግቡ። በግራ በኩል ክዳኑ ሲዘጋ ምን እንደሚደረግ የሚያስመርጥ መስመር አለ። እዚያ ሁለት ዓምዶች ታያላችሁ፤ አንዱ ላፕቶፑ በባትሪ ሲሠራ፣ ሌላው ቻርጀር ሲሰካ። «ዱ ነቲንግ» የሚለውን ቻርጀር ለተሰካበት ብቻ ስጡት። የባትሪው «ስሊፕ» ላይ ይቆይ። ሁለቱንም «ዱ ነቲንግ» ያደረገ ሰው አንድ ቀን ላፕቶፑን ዘግቶ ቦርሳ ውስጥ ይከተዋል፤ ላፕቶፑ ግን አልተኛም። ቤት ሲደርስ ቦርሳው ውስጥ የጋለ ብረት ያገኛል። እንዲያውም ከጠረጴዛው ነቅላችሁ ይዛችሁ ስትወጡ ክዳኑን አትመኑት፤ ስሊፕ ወይም ሸት ዳውን ብላችሁ ራሳችሁ አስተኙት።

መብራት ሲሄድ

አዲስ አበባም ሆነ ክልል ከተማ ላይ ሆኖ ስለዚህ ጉዳይ የሚወስን ሰው መብራትን ረስቶ መወሰን አይችልም። የላፕቶፕ ትልቁ ጸጋ ባትሪው ነው፤ ክዳኑ ሲዘጋ ግን ጸጋው ግማሽ ይሆናል።

ነገሩ እንዲህ ነው። መብራት ድርግም ሲል ሞኒተሩ አብሮ ይጠፋል። ላፕቶፑ ክፍት ከነበረ የተከፈተው ሁሉ ወደ ትንሹ ስክሪን ይሰበሰባል፤ እናንተም ዓረፍተ ነገራችሁን ትጨርሳላችሁ። ዋይፋዩ ከራውተሩ ጋር ስለሚሄድ ስልካችሁን ሆትስፖት አድርጋችሁ ትቀጥላላችሁ። ተዘግቶ ከነበረ ግን ጥቁር ስክሪን ፊት ቁጭ ትላላችሁ። እንደ ላፕቶፑና እንደ አስተካከላችሁት ወይ ውስጥ ለውስጥ እየሠራ ነው፣ ወይ ተኝቷል። ሥራው አልጠፋም። ከስታንዱ አውጥቶ፣ ኬብል አላቅቆ፣ ክዳኑን ከፍቶ መቀጠል ይቻላል። ስብሰባ ላይ ከነበራችሁ ግን ያ ሁሉ እስኪሆን ተቋርጣችኋል።

ሳይቸግራችሁ አንድ ቀን ሞክሩት። የማትፈልጉት ፋይል ክፈቱና ሁሉም የተሰካበትን የመብራት ማከፋፈያ ራሳችሁ ከግድግዳው ንቀሉት። የናንተ ላፕቶፕ ምን እንደሚያደርግ በዓይናችሁ ታያላችሁ።

አቅም ካለ ለሞኒተሩና ለራውተሩ ትንሽ ዩፒኤስ (መብራት ሲጠፋ ለጊዜው የሚያቆይ ባለ ባትሪ ዕቃ) መግዛት ነገሩን ይለውጠዋል። ዘመናዊ የ24 ኢንች ሞኒተር የሚበላው መብራት ትንሽ ነው፤ ላፕቶፑ ደግሞ የራሱ ባትሪ አለው። ስለዚህ ዴስክቶፕን ለደቂቃዎች ብቻ የሚይዝ ዩፒኤስ ሞኒተርና ራውተርን በጣም የተሻለ ጊዜ ያቆያል። ዩፒኤስ ካለ የተዘጋው ላፕቶፕ ከክፍቱ የሚያንስበት ነገር ይቀንሳል።

ከአሜሪካ ዕቃ የሚላክላችሁ ሰዎች እዚህ ላይ ተጠንቀቁ። የላፕቶፕ ቻርጀር ላይ ከ100 እስከ 240 ቮልት ተብሎ ከተጻፈ እዚህም እዚያም ይሠራል፤ ብዙ ሞኒተርም እንደዚያው ነው። ለአሜሪካ ቤት የተሠራ ዩፒኤስ ግን ለ120 ቮልት ነው። የኛ 220 ነው። ሶኬት በመቀየሪያ ብቻ ስለገባ ተስማማ ማለት አይደለም።

ሙቀት

ክዳን መዝጋት በራሱ ላፕቶፕ አያቃጥልም። ቀላል የቢሮ ሥራ ለሚሠራ ሰው ልዩነቱ እምብዛም አይታወቅም። ጉዳዩ ላፕቶፑ አየር ከየት ስቦ ወደ የት እንደሚያወጣ ነው። አብዛኛው ከሆዱ በኩል ይስብና በማጠፊያው ወይም በጎኑ ያወጣል። የጌም ላፕቶፖች ደግሞ ብዙዎቹ ከኪቦርዱ በላይ ባለው ቦታም ይስባሉ። እነሱን ዘግቶ ከባድ ሥራ ማሠራት አልመክርም፤ ፋኑ ሲጮህ ትሰሙታላችሁ፣ ፍጥነቱም ይቀንሳል። ማክቡክ ኤር ከኤም 1 ጀምሮ ፋን ስለሌለው ድምፅ አይኖረውም፤ ቪዲዮ ኤዲቲንግ ላይ ሲግል ግን ቀስ ማለት ይጀምራል።

ተዘግቶ ሲቀመጥ የጠረጴዛ ጨርቅ ወይም ፎጣ ላይ አይሁን። ከሥሩ አየር የሚያስገባ ማንኛውም ነገር ይበቃዋል። በቁም የሚያስቀምጥ ስታንድ ከገዛችሁ ሞቃት አየር የሚወጣበት ጎን ወደ ታች እንዳይዞር፣ ስታንዱም የሆዱን ቀዳዳዎች እንዳይጨብጣቸው እዩ።

ባትሪውም እዚሁ ይነሣል። ሁልጊዜ ተሰክቶ፣ መቶ በመቶ ሞልቶ፣ ሞቅ ብሎ የሚውል የሊቲየም ባትሪ ቶሎ ያረጃል። ሌኖቮ ላይ በቫንቴጅ፣ አሱስ ላይ በማይ አሱስ ባትሪው 80 በመቶ አካባቢ ላይ እንዲቆም ማዘዝ ይቻላል። ሌሎቹም ብዙዎቹ በራሳቸው ፕሮግራም ወይም ባዮስ (ኮምፒውተሩ ሲነሣ ከዊንዶውስ በፊት የሚከፈት የማስተካከያ ገጽ) ውስጥ አላቸው። 80 በመቶ መብራት ሲሄድ ያንሰናል የምትሉ ካላችሁ፣ የቀረው 20 በመቶ ለባትሪው ዕድሜ ቢሰጥ አያስቆጭም።

ያረጀ ባትሪ አንዳንዴ ያብጣል። ላፕቶፑን በየቀኑ የሚከፍት ሰው ቱችፓዱ ከፍ ሲል ወይም መጫን ሲያስቸግር ያውቀዋል። ዘግቶት የሚውለው ግን አያየውም። ክዳኑ በደንብ አልገጥም ካለ፣ ላፕቶፑ ጠረጴዛ ላይ ከተወላገደ ወይም ሆዱ ከተነፋ አጥፉት፣ ቻርጀሩን ንቀሉ፣ ባለሙያ ዘንድ ውሰዱት። ያበጠ ባትሪ አይወጋም፣ አይጫንም።

ካሜራ፣ ማይክ፣ የጣት አሻራ

ስብሰባ የሚበዛበት ሰው ክዳኑን ከዘጋ የውጭ ካሜራና ማይክ መግዛቱ አይቀርም። ቅርብ ጊዜ በተሠሩ ማክቡኮች ላይ ክዳኑ ሲዘጋ ማይኩ በሃርድዌር ደረጃ ይቋረጣል። ይህ ለደኅንነት ሆን ተብሎ የተደረገ ነው፤ በሴቲንግ አይመለስም። የስልክ ኢርፎን ለማይኩ ይበቃል፤ ካሜራ ግን ርካሹን አትግዙ፣ ርካሹ ከላፕቶፑ ካሜራ የባሰ ይሆናል።

ለጣት አሻራው ማክ ላይ ቱች አይዲ ያለው ማጂክ ኪቦርድ አለ፤ የሚሠራው ኤም ቺፕ ካላቸው ማኮች ጋር ብቻ ነው። ዊንዶውስ ላይ ፒን መጠቀም ይበቃል።

የማብሪያ ቁልፉ ነገር ትንሽ ይመስላል፣ በየጠዋቱ ግን ያጋጥማል። ላፕቶፑን ሙሉ በሙሉ የምታጠፉት ከሆነ ለማብራት ክዳኑን መክፈት አለባችሁ። ማታ ስሊፕ ላይ ከተዋችሁት ኪቦርድ በመንካት ይነሣል። አንዳንድ ዶኮች (ላፕቶፑን ከሞኒተርና ከሌሎች ዕቃዎች ጋር የሚያገናኙ ሳጥኖች) የራሳቸው ማብሪያ አላቸው፤ ለምሳሌ የቲንክፓድ ዶክ ከቲንክፓድ ላፕቶፕ ጋር።

ሞኒተሩና ኬብሉ

ላፕቶፑን ከዘጋችሁ ቀኑን ሙሉ የምታዩት ይህን አንድ ስክሪን ነው፤ ስለዚህ እዚህ ላይ አትሰስቱ። በተለይ አማርኛ የምታነቡና የምትጽፉ። የፊደላችን ልዩነት ያለው ትንንሽ ጭረቶችና ቀለበቶች ላይ ነው። ቸ እና ቼ፣ ኀ እና ኃ፣ ሸ እና ሼ በአነስተኛ መጠን ሲጻፉ የሚለዩት በጥቂት ነጥቦች ነው። ሞኒተሩ በቂ ነጥብ ከሌለው ልዩነቶቹን አራሚ ሳያያቸው ያልፋቸዋል። ባለ 1080 ጥራት በ24 ኢንች ላይ በአንድ ኢንች ወደ 92 ነጥብ ይሰጣል፤ ያ ደህና ነው። ያንኑ ጥራት በ27 ኢንች ላይ ስትገዙ ወደ 82 ይወርዳል፣ ፊደሉም ጥርስ ያወጣል። በ27 ኢንች 1440 ወደ 109፣ ፎርኬ (4K) ደግሞ ወደ 163 ነጥብ አለው። ገንዘብ ካነሰ ትልቁን ተዉትና 24 ኢንቹን ያዙ። ማክ ላይ ደግሞ አነስተኛ ጥራት ያለው ሞኒተር ከዊንዶውስ ይልቅ ፊደልን ያደበዝዛል፤ የማክ ሰው ቢችል ወደ ፎርኬ ይጠጋ።

ኬብል ላይ የሚሠራው ስህተት አንድ ዓይነት ነው። ሰው ፎርኬ ሞኒተር ይገዛና በርካሽ የዩኤስቢ ሲ መከፋፈያ ይሰካዋል። ምስሉ ይመጣል፤ ማውሱ ግን እንደ ማር ይሳባል። ምክንያቱ ኤችዲኤምአይ 1.4 ፎርኬን በሰከንድ 30 ጊዜ ብቻ ስለሚያድስ ነው። 60 ለማግኘት ላፕቶፑም፣ መከፋፈያውም፣ ኬብሉም ኤችዲኤምአይ 2.0 ወይም ዲስፕሌይፖርት መቻል አለባቸው። ዩኤስቢ ሲ ቀዳዳ ሁሉም ቪዲዮ አያወጣም፤ ከቀዳዳው አጠገብ የመብረቅ ወይም የዲስፕሌይፖርት ምልክት ፈልጉ፣ ከሌለ የሞዴሉን መግለጫ አንብቡ። ቪጂኤ ብቻ ያለው የድሮ ሞኒተር በመቀየሪያ ይሠራል፤ ጥራቱ ግን ይደበዝዛል።

በአንድ ዩኤስቢ ሲ ኬብል ምስል ተቀብሎ ላፕቶፑን የሚቻርጅ ሞኒተር ላፕቶፑን ለሚዘጋ ሰው እጅግ ምቹ ነው። ጠዋት አንድ ኬብል ትሰካላችሁ፣ ማታ አንድ ትነቅላላችሁ። የሚሰጠውን ዋት ግን ከቻርጀራችሁ ጋር አስተያዩ። ቻርጀራችሁ 100 ዋት ሆኖ ሞኒተሩ 65 ከሰጠ፣ ከባድ ሥራ ላይ ባትሪው ተሰክቶም ሊቀንስ ይችላል።

ኪቦርድና ማውስ

ክዳኑ ሲዘጋ ሌላ ኪቦርድ ስለማይኖራችሁ አስተማማኙን ያዙ። ባለ ገመዱ ኪቦርድ ባትሪ አይፈልግም፣ ኮምፒውተሩ ገና ሲነሣም ይታያል። ብሉቱዝ ኪቦርድ ዊንዶውስ ከመነሣቱ በፊት ባለው ገጽ ላይ፣ ለምሳሌ ባዮስ ውስጥ፣ ብዙ ጊዜ አይሠራም። ፒችትሪ በሚባለው የሒሳብ ፕሮግራም ላይ ቁጥር ሲያስገባ የሚውል የሒሳብ ሰው ደግሞ በስተቀኝ የቁጥር ሰሌዳ ያለውን ይግዛ። ትንንሽ ላፕቶፖች ይህ ስለሌላቸው ለእሱ የውጭ ኪቦርድ ብቻውን ትልቅ ለውጥ ነው።

ገመድ አልባ ማውሳችሁ ከተንቀጠቀጠ ወይም ከዘገየ ማውሱን ቶሎ አትጣሉ። ዩኤስቢ 3.0 ሲሠራ ገመድ አልባ ማውሶች በሚጠቀሙበት 2.4 ጊጋኸርዝ ላይ የሬዲዮ ረብሻ ይረጫል፤ ኢንቴል በ2012 ስለዚሁ ጽፏል። የማውሱን መቀበያ ከመከፋፈያውና ከውጭ ሃርድ ዲስኩ አርቃችሁ፣ በአጭር ማራዘሚያ ወደ እጃችሁ አቅርባችሁ ሞክሩ።

ሚኒ ፒሲስ?

ላፕቶፓችሁ ከጠረጴዛ የማይነሣ ከሆነ ሚኒ ፒሲ ይሻላል። ተዘግቶ እንዲሠራ ነው የተሠራው፤ ክዳን የለውም፣ የሚያብጥ ባትሪ የለውም። ነገር ግን መብራት ሲሄድ ያልተቀመጠው ሥራ አብሮ ይሄዳል። መብራት በሚቆራረጥበት ሰፈር ዩፒኤስ ከሌለ ሚኒ ፒሲ አልመክርም። በዋሽንግተን ወይም በቴል አቪቭ ለሚኖር ሰው ይህ ስጋት ያን ያህል አይደለም፤ እሱ ዋጋውን ብቻ ያነጻጽር።

ሞኒተር ልትገዙ ስትሄዱ ላፕቶፑን፣ ቻርጀሩንና ኬብላችሁን ይዛችሁ ሂዱ። ሱቁ ውስጥ ሰክታችሁ አንድ የአማርኛ ጽሑፍ በምትሠሩበት መጠን ክፈቱ። ከዚያ ክዳኑን ዝጉና ትንሽ ጠብቁ። ምስሉ ሞኒተሩ ላይ ከቆየ፣ ፊደሉ ከተነበበ፣ ማውሱ ካልተሳበ ክፈሉ። ሻጩ ካላስሞከራችሁ ሌላ ሱቅ አለ።